ዓመቴ ጨው ተጠቀለለበት

ጳጉሜ ስትገባ ሁሉም ሰው የየራሱ ሥራ አለው። አንዱ ጠበል ይወርዳል፣ አንዱ ግድግዳውን ኖራ ይቀባል፣ አንዱ ለበዓል በግ ልግዛ አልግዛ እያለ አምስቱንም ቀን ሲያስብ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ዶሮ ይዞ ይገባል። እኔ ደግሞ ራሴን እመረምር ነበር። እመረምር ነበር ስላችሁ ፈላስፋ ነገር እንዳልመስላችሁ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ያልተመዘገበ ነገር ሁሉ ያልተደረገ ይመስለዋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ደብተር ላይ ኑሮዬን ጠብ ጠብ እያደረግኩ እጽፋለሁ። የዓመት ዕረፍቴን ጳጉሜ ላይ እወስድና ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ በሦስት ርእስ እጠቀልለዋለሁ፦ ዘንድሮ ምን ያህል ሰው ሆንኩ፣ ቤተሰቤ እንዴት ከረመ፣ ምን ምን አስደሰተኝ። የመጀመሪያው ርእስ ብዙ ቦታ ፈጅቶብኝ አያውቅም።

ችግሩ ዘመኑ ነው። ጊዜው የደርግ ነው። ሰው የጻፈው ቀርቶ ሊጽፍ ያሰበውም የሚያስጠይቅበት ጊዜ ስለነበር፣ እንኳን እንደ እኔ ያለው ፈሪ ጀግና የሚባለውም የግል ደብተሩን ትራሱ ሥር አያሳድርም። እኔ ፍርሃቴን ከሙያዬ ጋር አዳብዬ አንድ መላ ፈጠርኩ። ወረቀት የሚደበቀው ወረቀት መካከል ነው ብዬ፣ ደብተሬን እንደ ልጄ ደብተሮች በቡናማ ወረቀት ለበድኩት። ሽፋኑ ላይ በቆንጆ ጽሕፈት «ሒሳብ፣ 5ኛ ለ» ብዬ ጻፍኩና ልጄ ትዕግሥት ደብተሮቿን ከምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከሥር ሰካሁት። ትዕግሥት ሒሳብ አትወድም፤ ስለዚህ ማንም አይነካውም። በዚህ ብልሃቴ ስኮራ ከረምኩ። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ የማላውቅ ሰው ነኝ።

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት፣ ባለቤቴ አስካለ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ፣ ብዕሬን አዘጋጅቼ፣ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሣጥኑ ባዶ ነው። እጄን ሰድጄ የሣጥኑን ወለል ዳሰስኩት፤ ባዶ መሆኑን ዓይኔ ነግሮኝ እጄ አላመነም። ትዕግሥትን ጠራኋትና ድምፄን እንደ ምንም አረጋግቼ ደብተሮቿ የት እንደ ገቡ ጠየቅኳት።

«ለከድር ሱቅ ሰጠኋቸው» አለችኝ። «ሁለት እርሳስና ከረሜላ ሰጠኝ። አምስተኛ ለን አልፌ የለ፣ አባባ?»

«የሒሳቡንም?»

«ሁለት የሒሳብ ደብተር ነበረኝ። አንዱን መቼ እንደጻፍኩት ግን አላስታውስም።»

ፌስታል በየመንገዱ ሲበር ያደጋችሁ ሰዎች ይሄ ነገር ላይገባችሁ ይችላል። በዚያን ጊዜ ባለ ሱቅ ዕቃ የሚጠቀልለው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ከልጆች ይገኛል። ጳጉሜ ስትደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያለቀ ደብተሩን ተሸክሞ ሱቅ ይወርዳል። የሰፈራችን፣ የቦሌ ልጅ ዓመት ሙሉ የለፋበት ጂኦግራፊና ሰዋስው ጨው ተጠቅልሎበት ተመልሶ ወደየቤቱ ይገባል። የእኔም ዓመት እንግዲህ ወደየሰው ቤት ሊገባ ተራውን እየጠበቀ ነው።

ደብተሬ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ቢያሳፍር እንጂ አገር የሚያናጋ አልነበረም። የግራ እግሬ ጣት እንዴት እንደሚያመኝ፣ በየትኛው ጫማ እንደሚብስ፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ አራት ገጽ አለ። የሥራ ባልደረቦቼ «ፊትህ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል» ስላሉኝ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ፈገግታ መለማመዴም አለ። ማንኮራፋት ለማቆም የገባሁት ቃል በሦስት የተለያዩ ወራት ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ይሄ ሁሉ ቢነበብ አንገቴን ደፍቼ ለጥቂት ዓመታት እኖራለሁ፤ ሌላ ምን ይመጣል? አንዲት ገጽ ግን ነበረች። መጋቢት ላይ ከቀበሌ ስብሰባ መጥቼ የሚከተለውን ጽፌ ነበር፦ «ጓድ ሊቀ መንበር ጋዜጣ ዘቅዝቆ ይዞ ሩብ ሰዓት አነበበ። እኛም አጨበጨብን።»

ሊቀ መንበራችን ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የሰፋ፣ የቀድሞ አናጢ ነው። ማንበብ እንደማይችል ቀበሌው በሙሉ ይጠረጥራል፤ የሚናገር ግን የለም። ጋዜጣውን ቀድሞ ሰው ያነብለትና በቃሉ ይዞ መጥቶ እኛ ፊት ገልጦ ያንበለብለዋል። አንድም ቃል አይስትም፤ የሚሳሳተው አያያዙን ብቻ ነው። አሁን ይህቺን ገጽ ጨው የገዛ ሰው አንብቦ ለአንድ ሰው ቢነግር፣ ያ ሰው ለሌላ ቢነግር፣ ክሱ ታወቀኝ፤ አመራሩን ማንቋሸሽ ነው። ቀበሌያችን የራሱ እስር ቤት አለው። በሩን ሊቀ መንበሩ ራሱ በአናጢነቱ ነው የሠራው፤ በጣም ጥሩ በር ነው።

ወደ ከድር ሱቅ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ሱቁ አጠገብ ስደርስ እየሮጥኩ እንዳልመስል ቀስ አልኩ። ሄጄ «ደብተሬን በስህተት ወስደሃል፣ መልስልኝ» ብል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ነገር ግን የሱቁ ደጃፍ ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው ለስላሳ ይጠጣሉ። የአርባ ዓመት ሰው የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ደብተር እያላበው ሲፈልግ ቢያዩ ምን ይላሉ? ደብተሩን አምጣና እንየው ይላሉ። ከድር ደግሞ ደብተሮቹን ሁሉ ሉክ በሉክ ገነጣጥሎ፣ አደባልቆ፣ ከኋላው ትልቅ ሚስማር ላይ ሰክቷቸዋል። ከመካከላቸው የእኔ ጽሕፈት ጫፉ ብቅ ብሎ ይታየኛል።

«ምን ልስጥዎት፣ ጋሼ?» አለኝ ከድር።

ከድር ለበርበሬ ጋዜጣ፣ ለጨው የደብተር ወረቀት እንደሚጠቀም አውቃለሁ። ስለዚህ «ጨው» አልኩ።

የመጀመሪያውን ጥቅል ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ ጨዉን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ፈታሁት። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው። ተመልሼ ሌላ ጨው ገዛሁ። ሁለተኛው የማን ልጅ እንደሆነ የማላውቀው ተማሪ የተሳሳተው የእንግሊዝኛ ቃል ጽሕፈት ነው። ሦስተኛው ላይ የራሴ የግራ እግር ጣት ወጣ፤ በሕይወቴ ያንን ጣት እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። አምስተኛ ጊዜ ስመለስ ከድር ድግስ ደግሼ እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም ብል ኖሮ ምናለበት? ጓዶቹ ግን ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞረዋል። አፌ የመጣለትን አወጣ። በሬ ገዝቼ ነው፣ ለበሬው ነው አልኩ። ግቢያችን በሬ ቀርቶ ዶሮ ስትዞርበት ግድግዳ የምትነካበት ግቢ እንደሆነ ከድር ያውቃል፤ አክባሪዬ ስለሆነ ዝም ብሎ ጠቀለለልኝ።

እንዲህ ስመላለስ ዋልኩ። ኪሴ ሞላ፣ ኮፍያዬ ሞላ፣ ቤት ያለው ድስትና ጣሳ ሁሉ ሞላ። እንደ መዝገብ ቤት ሰውነቴ የደብተሬን ሉኮች ጫፋቸው ላይ ቁጥር ሰጥቻቸው ስለነበር ያገኘሁትን ባገኘሁት ቁጥር ደረደርኩት። ከሠላሳ ሁለት ሉክ ዘጠኙን አገኘሁ። ያቺ የጋዜጣዋ ገጽ ሉክ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ነበረች። አሥራ ሰባት የለም። ከጀርባው ምን ጽፌ እንደነበር ለማስታወስ ብሞክር ጨርሶ ጠፋኝ፤ ስለ ጥርሴ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሱቁ ጋ ሳልደርስ ሰልፍ አየሁ። ሰልፉ ከሱቁ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። የሰልፉ መነሻ፣ ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። እሳቸው እኔን በአንድ ቀን አሥራ ስምንት ጊዜ ጨው ገዝቼ ስገባ ከመስኮታቸው ቆጥረውኛል። ይሄ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ መዝገብ ሁሉ በእጁ ያልፋል፣ ጨው ሊጠፋ መሆኑን አውቆ ነው ብለው ለአንድ ሰው ብቻ በምስጢር ነግረዋል። እኩለ ቀን ሳይሆን የከድር ጨው አለቀ። ሚስማሩም ራቁቱን ቀረ። ቀሪው ዓመቴ፣ ሃያ ሦስት ሉክ፣ በሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ተበተነ።

ምን ላድርግ? እንኳን አደረሳችሁ እያልኩ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። ገና አራት ቀን የቀረውን አዲስ ዓመት እየተመኘሁ እገባለሁ፤ ዓይኔ ግን ከሰዎቹ ፊት ላይ ሳይሆን ከጓዳቸው ነው። የጨው መጠቅለያ ሳይ «የልጄ ጽሕፈት መሰለኝ፣ ይናፍቀኛል» ብዬ አነሣለሁ። ልጄ ያለችው እዚያው በሚቀጥለው ግቢ ነው፤ ስትጮህ ይሰማል። ሰዎቹ ግን ሳይከለክሉኝ ይሰጡኛል። ለካ አንብበውት ነው። ወይዘሮ በላይነሽ ወንበር ስበው ሲያስቀምጡኝ የግራ እግሬን በሐዘኔታ እያዩ ለብ ያለ ውኃ እንዲነክሩት መከሩኝ። ሌላው ጎረቤቴ ደግሞ ፊቴን ወደ መብራት ዞር እንዳደርግ ጠየቀኝና «እውነትም ተሻሽሏል» አለ። ፈገግታዬን ማለቱ ነው። ሚስቱ ስለ ማንኮራፋቱ ልትጠይቀኝ ስትል ተነሥቼ ወጣሁ። የሰፈሬ ሰው በአንድ ቀን ይህን ያህል ካወቀኝ፣ እኔ እስከዚያ ድረስ ከሰው ጋር የኖርኩት እንዴት ኖሮ ነው እያልኩ ከቤት ቤት አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ሉክ በእጄ ነበር። አሥራ ሰባት የለም። ያልገባሁበት ቤት አንድ ብቻ ቀረኝ፤ እሱም የሊቀ መንበሩ ቤት ነው። የጨው ሰልፉ ላይ የሊቀ መንበሩ ሚስት ቆማ እንደነበር ስሰማ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ አስካለ መካከል ወለሉ ላይ ቆማ ጨው የሞላውን ድስት፣ ጨው የሞላውን ጣሳ፣ ጨው የሞላውን የትዕግሥትን የዝናብ ጫማ በየተራ ታያለች። ስለ አስካለ አልነገርኳችሁም። አስካለ በዚያን ጊዜ ከሰዓት ከሰዓት ቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ታስተምር ነበር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ዝም ብላ ስታይህ ግን የቤት ሥራህን ያልሠራህ ይመስልሃል። ጨዉ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሊጠፋ ነው ይባላል አልኳት፤ የራሴ ወሬ ዞሮ ለራሴ መልስ ሆነኝ።

«የጠፋብህ ነገር አለ?» አለችኝ።

አሁን ሳስበው ያቺ ጥያቄ በር ነበረች። ያኔ ግን፣ ደብተር እጽፋለሁ፣ ውስጡ እንዲህ ያለ አደጋ አለ፣ አንቺንና ልጅሽን ላስጨርስ ነው ብሎ መናገር አቃተኝ። ደግሞም አፈርኩ። በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ ለሚስቴ ስለ ስሜቴ የነገርኳት ነገር ቢኖር ሾርባው እንደሚያቃጥል ነው።

«ምንም» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል፤ ልጆች እንደ ልማዳቸው እንዲያድጉ ሩፋኤልን እየለመኑ በዝናቡ ይታጠባሉ። ትዕግሥትም በረንዳው ጥግ ቆማ ጭንቅላቷን ወደ ዝናቡ አውጥታለች። እኔ በመስኮት እሷን እያየሁ፣ አንድ ሰው እንደ እኔ ያለ ዕድሜ ላይ ሆኖ ዝናቡ ውስጥ ቢገባ ያድግ ይሆን ወይ ስል፣ ከሁለቱ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አንዱ በር አንኳኳ። ሊቀ መንበሩ ይፈልግሃል አለኝ። እስር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው ሲባል ስለምሰማ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ትዕግሥትን ከወትሮው አብዝቼ ሳምኳትና ወጣሁ። አስካለ ጓዳ ነበረች። ልነግራት ወደ ጓዳው በር ሄድኩና ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅኩ ተመለስኩ።

ቢሮው ውስጥ ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ያመጣኝ ጓድ በሩ ጋ ቆመ። ፊት ለፊቱ ተደርድረው ያየሁት ጥቅል ጨው ነው። ወዲያው ክሱን ተናገረ። ጨው አከማችተሃል፣ በሕዝቡ መካከል ሽብር ነዝተሃል፣ ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አለኝ። ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በአሻጥር ተከሶ ደስ ያለው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ገጿን አላየም ማለት ነዋ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ጋዜጣ ስለ ዘቀዘቀ ሰው ከመጻፍ ይልቅ የአሻጥር ቅጣት እንደሚብስ ትዝ አለኝ።

«በሬ ገዛሁ ብለሃል» አለ ሊቀ መንበሩ። «በሬው የት አለ?»

በሬውን ሐሳቤን ለውጬ ተውኩት አልኩ። ታዲያ በሬውን ከተውክ በኋላ አሥራ ሦስት ጊዜ ጨው ለምን ገዛህ አለ። አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ በሩ ተከፈተና አስካለ ገባች። ትዕግሥት ሮጣ ነግራታለች። ጃንጥላዋን አራግፋ በሩ ሥር አቆመችና እጅ ነሥታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለች፣ «ባለቤቴ ጨው አይደለም የሚፈልገው። ይሄን ነው።»

የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ስትዘረጋው ጫፉ ላይ ቁጥሯን አየሁ። አሥራ ሰባት ናት። እንዳትገልጥ በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ዓይንህን አመመህ እንዴ በሚል አየችኝና ቀጠለች።

«ስለ እኔ የጻፈው ነገር ነው። ከልጃችን ደብተር ጋር ወደ ሱቅ የሄደ መስሎት ነው እንጂ አሻጥር አያውቅም። ላንብብልዎት።»

ወረቀቱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታነብ፣ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበች። «መጋቢት። ከአውቶቡስ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። አስካለ ጃንጥላ ይዛ ማቆሚያው ላይ ቆማለች። ሱቅ ልሄድ ስል ነው ያየሁህ አለችኝ። ሱቁ በወዲያ በኩል ነው። አውቄ ዝም አልኩ። እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስንደርስ የእሷ ትከሻ በስብሷል፣ የእኔ ግን ደረቅ ነው። የዘንድሮ ትልቁ ደስታዬ ይሄ ነው።»

ስለ ጥርሴ አልነበረም። ይህን ጽፌ እንደረሳሁት ሳውቅ አፈርኩ፤ ለማፈር ግን ጊዜ አልነበረኝም። አስካለ ገጹን ወደ ራሷ አድርጋ ስታነብ ጀርባው በትክክል ሊቀ መንበሩ ፊት ነው። በፋይል ርእስ አጻጻፍ፣ በትልልቁ፣ ባማረ ጽሕፈት ጽፌዋለሁ። ሊቀ መንበሩ አስካለን አያዳምጥም። አንገቱን ወደ ፊት አስግጓል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ቆይ» አለ። «እንደያዝሽው ያዢው።»

ጣቱን ዘረጋና ድምፅ አውጥቶ ጀመረ። «ጓ… ድ… ሊ… ቀ… መን… በር…» አለ። ከዚያ መልኳን በልምድ የሚያውቃትን «ጋዜጣ» ፊደል ሳይቆጥር አለና ቀጣይዋ ፊደል ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ አውሮፕላን ተነሣ። ቦሌ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አውሮፕላን ጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ሁሉም ወሬ ይቆማል፣ ሲሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። አራታችንም ባለንበት ደርቀን ጠበቅን፤ ሊቀ መንበሩ ጣቱን ከፊደሏ ላይ አላነሣም። ያ አውሮፕላን ወደ የትኛውም አገር ቢሄድ አብሬው በሄድኩ ብዬ ተመኘሁ። ድምፁ ራቀ።

«ሁለት ጣውላ በአንድ ቋሚ የተያያዘችው ማን ነበረች?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«‹ዘ› ናት» አለች አስካለ ቀና ሳትል። «ሌሎቹን ያውቋቸዋል። አይቸኩሉ፣ ይቀጥሉ።»

ሚስቴ ከወረቀቱ ወዲህ ሆና፣ ወዲያ ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ፣ እኔን የምታሳስረኝን ቃል ፊደል በፊደል ታስነብባለች። ‹ዘ›ን አለፈ፣ ‹ቅ›ን አለፈ። ወደ «አነበበ» ሲደርስ እንደ ቁልቁለት ቀለለለትና «እኛም አጨበጨብን» የምትለዋን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ያን ጊዜ አስካለ ወረቀቱን ቀስ ብላ ዝቅ አድርጋ ጀርባውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጓዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሊቀ መንበሩ ጣቱን ሰብስቦ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ መቼ ነው የተጻፈው?»

«መጋቢት ላይ፣ ጓድ» አልኩ።

«አሁን ምን ወር ነው?»

«ጳጉሜ።»

«አሁንስ ይሄን ማን አነበበው?»

«እርስዎ።»

«ሳልዘቀዝቅ» አለ።

«ሳይዘቀዝቁ፣ ጓድ።»

ብዕሩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። «የመዝገብ ቤት ሰው ነህ አሉ። መዝገብ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል እንዴ? ጨምርበት።» ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጳጉሜ ሦስት ቀን ጓድ ሊቀ መንበር ይህን ገጽ ራሱ አነበበ።» ወረቀቱን ተቀብሎ ይህንንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ የቀበሌውን ማኅተም አወጣና ተጫነበት። ጓዱ ልማድ ሆኖበት አጨበጨበ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው።

ስለ ጨዉ የተፈረደብኝ፣ የከመርኩትን ለጎረቤት ሁሉ በየቤቱ ዞሬ እንዳድል ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ሊቀ መንበሩ ጠራኝና በሬ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳይሰማ አስጠነቀቀኝ።

በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነን ስንመለስ ሁለቱ ሹራቦች ሞቁኝ። አስካለ፣ ሊቀ መንበሩ የመሠረተ ትምህርት ክፍሏ ከተበተነ በኋላ «ለቁጥጥር» እያለ እየመጣ፣ ከመጋቢት ወዲህ ፊደሎቹን እንደ ጣውላና እንደ ምሰሶ አድርጋ እንዳስተማረችው ነገረችኝ። ለማንም እንዳትናገር አደራ ብሏት ነበር። ለእኔስ ብላት፣ ለአንተማ ብነግርህ ትጽፈዋለህ አለች። ገጿን መቼ እንደወሰደችው ጠየቅኳት። ትዕግሥት ደብተሮቹን ተሸክማ ልትወጣ ስትል ነው አለችኝ፤ ደብተሬን በየዓመቱ ታነበዋለች።

«ታዲያ ሌላውን ለምን ሰደድሽው?»

«ሌላው ስለ እግርህ ነው።»

«ጀርባውንስ አላየሽም?»

«የፊቱ በቅቶኝ ነበር» አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ ነፍሴ ስትወጣ እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ቀድማኝ «ጠይቄህ ነበር» አለች። «ምንም አልጠፋብኝም አልከኝ።» ይሄን ስትል አልተቆጣችም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጳጉሜ አምስት ቀን ሉኮቼን ሰብስቤ ለመጠቅለል ተቀመጥኩ። ቤተሰቤ እንዴት ከረመ የሚለው ሞላ። ምን አስደሰተኝ የሚለው ላይ ማኅተም ያረፈባትን ሉክ አስገባሁ። ምን ያህል ሰው ሆንኩ የሚለውን ባዶ ተውኩት።

መስከረም ገብቶ መሠረተ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ክረምቱ ወጣ ብለን ስንዝናና፣ ድንገት ዝናብ ጣለ። ጃንጥላውን አነሣሁና ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ። እንዳልታይ አስቤ ግንብ ሥር ቆሜ ነበር፤ አስካለ ግን ስትወጣ ወዲያው አየችኝ። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ዓመት ሙሉ ልነግራት የሚገባኝ ነገር ሁሉ አፌ ላይ ተሰለፈ።

«ጨው ልገዛ ስል ነው ያየሁሽ» አልኳት።

ለሰፈሩ ሁሉ ካደልኩም በኋላ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ጨው ቤታችን ነበር። አስካለ ወደ ሱቁ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። ሳቀች። ጃንጥላው ሥር ገባች።

ቤት ስንደርስ የእሷ ትከሻ ደረቅ ነበር፤ የእኔ በስብሷል። ይህን እስከ ዛሬ የትም አልጻፍኩትም።